ወፍጮ ያዞረች መኪና

ሐምሌ 27 ቀን 2013

ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ልብስ አልደረቀም። አዳነ ከጓሮው መጠለያ አልወጣም፤ ምሳውን ሁለት ጊዜ አሞቅሁለት። "መጣሁ" ይላል... አይመጣም። ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት "መጣሁ"።

የሌላ ሴት ጣውንት ሰው ናት። የኔዋ ኤምጂ የምትባል የእንግሊዝ መኪና ናት። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው። በጃንሆይ ጊዜ ደሴ የነበረ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም ጥሏት ሄደ አሉ። ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ዞራ ውርጌሳ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ የዶሮ ቤት ሆነች። አዳነ ከነኩሷ ገዝቶ፣ በአይሱዙ አስጭኖ ሲያመጣት "አንድ ዓመት ብቻ ታገሽኝ" ነበር ያለኝ። ጡረታ የወጣ ሹፌር አርፎ ይቀመጣል ብዬ ነበር እኮ። እኔ ሞኟ!

አሁን ልትጨረስ ነው። ቀለም ተቀብታለች፣ ወንበሯ ቆዳ ለብሷል፣ ሞተሯም ይነሳል። የቀረችው ጋርኒሲዮን ናት። በሞተሩና በክዳኑ መካከል የምትገባ ስስ ነገር፤ ውሃው ከዘይቱ እንዳይገናኝ የምታደርግ። ያለችው አሮጌ ናት። "ይቺ ሐይቅ አታደርሰንም" ይላል። የመጀመሪያ ጉዟችን ሐይቅ ነዋ፤ ዓሣ ሊያበላኝ። ይህም የዐሥራ አንድ ዓመት ቃል ነው።

ከሰዓት ቁልፍ እንዳቀብለው ጠራኝ። የሞተሩን ክዳን እያሰረ ነበር። ልርዳው ብዬ ዳር ያለውን ብሎን ያዝኩ።

"ከመሃል!" ብሎ ጮኸብኝ። "ከመሃል ነው የሚጀመረው፣ ከዚያ ወደ ዳር! ከዳር ከጀመርሽ ይጣመማል። ስንት ጊዜ ልንገርሽ ፀዳለ?"

ሰላሳ ዓመት ልጅ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተቆጣኝ። ቁልፉን ወርውሬ ገባሁ።

ከመሃል፣ ከመሃል... ሰለቸኝ።

ነሐሴ 1 ቀን

ከቆቦ በኩል ውጊያ የሸሸ ሰው እየመጣ ነው። ፍራሽ የጫነ ባጃጅ፣ አንዲት ፍየል የምትጎትት አሮጊት። ትምህርት ቤቱ ሞልቷል። ትርፍ ብርድ ልብሴን ሰጥቼ መጣሁ። አዳነ "ታጣቂዎቹ ወልድያን አያልፉም" ይላል። አንተ በምን አወቅህ? አልኩ በሆዴ።

ነሐሴ 3 ቀን

ደሴ ሄደ። በዚህ ጊዜ! አንድ ቀጥቃጭ ጋርኒሲዮኗን ከመዳብ ቆርጬ እሠራለሁ ማለቱን እዚያው ደሴ የሚኖረው የአዳነ ወንድም ብርሃኑ ደውሎ ነገረው። በቃ፣ ቁጭ ብሎ ማደር አልቻለም።

"አሁን ነው እንዴ?" አልኩት።

"መንገድ ከተዘጋ መቼ ላገኛት ነው?"

በር ላይ ቆም አለና "አደራ" አለኝ።

"ማንን? እሷን ነው ራሴን?"

ሳቀ። "ሁለታችሁንም። ቤንዚኑ ከእንጨቱ ሥር ነው፣ እንዳትነኪው። የሐይቅ ነው።"

ነገ ይመለሳል።

ነሐሴ 9 ቀን

አልተመለሰም። መዳቡ ዛሬ ያልቃል፣ ነገ ያልቃል... ጠዋት በስልክ አገኘሁት። "ፀዳለ፣ መንገዱ..." ሲል ተቋረጠ። ከዚያ ወዲያ መስመር የለም። መብራትም ጠፋ። ከወልድያ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ቀኑን ሙሉ።

ለምን ለቀቅኩት? እግሩ ላይ ብወድቅ ይቀር ነበር? አይቀርም ነበር። ግን መውደቅ ነበረብኝ።

ነሐሴ 17 ቀን

ገቡ። እነማን እንደሆኑ አልጽፍም... ደብተሩ ቢገኝስ? ግማሹ ሰፈር ወጥቷል። እኔ የት እሄዳለሁ? ጉልበቴም አይችል። ደግሞ አዳነ መጥቶ ቤት ባያገኘኝስ?

ጎረቤቶቼ ኢስሐቅና ሀጂራም አልሄዱም። ኢስሐቅ ባለ ወፍጮ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ከኛ መጠለያ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። ልጃቸው ናጅዋ እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። በዚያ ሆድ የት ትሂድ?

ነሐሴ 19 ቀን

መኪና ሁሉ እየወሰዱ ነው። አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ የጤና ጣቢያው ሳይቀር። የኔዋስ ምን ትሁን? ኢስሐቅ መጣና እግሮቿን፣ ጎማዎቿን ከነቸርኬያቸው፣ አወለቅንላት፤ ጓሮ ቀበርናቸው። ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። ያም አልበቃኝ።

ዶሮዎቼን መለስኩባት። አራቱንም። አዲሱ ቆዳ ላይ ጭድ ነሰነስኩ፣ መሪው ላይ ማቅ ጣልኩ። ትልቋ ዶሮ ወዲያው ሹፌሩ ቦታ ተቀመጠች፣ የለመደችው ይመስል። ይቅር በለኝ አዳነ... ስታይ ትሞታለህ።

ነሐሴ 23 ቀን

ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ልጅ ነው፣ ያስተማርኳቸውን ያክላል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የዶሮ ቤት ነው።"

ማቁን በመሣሪያው ገለጠው። ዶሮዋ ጮኸችበት። ሳቁ... እኔም ሳቅኩ። ዶሮዎቹን ወሰዱ። መኪናዋ ቀረች።

መስከረም 1 ቀን 2014

ዘመን ተለወጠ አሉ። ንፍሮ በላሁ። ትናንትም ንፍሮ፣ ነገም ንፍሮ። ማሽላ አለ፣ ዱቄት የለም። መብራት ከሌለ የኢስሐቅ ወፍጮ ምን ያደርጋል? የድንጋይ ወፍጮ በሰፈሩ አንድ ነው ያለው፤ ወረፋው አይደርስም፣ የደረሰው ደግሞ ወገቡ ይቆረጣል። ሞክሬው አንድ ጣሳ ሳልፈጭ ተኛሁ።

መስከረም 10 ቀን

ናጅዋ ወለደች። ወንድ። አሚር አሉት። ሐኪም የለ፣ መርፌ የለ፤ አልሐምዱሊላህ በሰላም ተገላገለች። ልጠይቅ ሄድኩ። አራሷ ፊት የተቀመጠው ሳህን ውስጥ ምን ነበር? ንፍሮ። አራስ ንፍሮ ስትበላ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

ሀጂራ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ። "እትየ ፀዳለ፣ ጡቷ ነጠፈ። ሕፃኑ ሲስብ ምንም የለ። አንድ ቁና ዱቄት ለገንፎ ባገኝ... ወላሂ በጨርቅ ይዠ ልለምን ወጥቸ ማንም የለው።"

ወደ ቤቴ ተመለስኩ። ሕፃኑ ሲያለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰማል። ድምፁ ቀጭን ነው።

መስከረም 11 ቀን

ሲያለቅስ ዋለ። መጠለያው ውስጥ ተቀምጬ ሰማሁት። ከግድግዳው ወዲያ የቆመ ወፍጮ። ከግድግዳው ወዲህ የሚነሳ ሞተር። እንጨቱ ሥር ሁለት ጀሪካን ቤንዚን...

የአዳነ አደራ ነው። አሮጌ ጋርኒሲዮን ናት፣ ከጋለች ትቃጠላለች። ከተቃጠለች ሞተሩ ያበቃለታል። ዐሥራ አንድ ዓመቱን በአንድ ቀን ላቃጥልበት? እሱ እንኳ በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም... ቢመጣ ምን አስረክበዋለሁ?

ሕፃኑ ጸጥ አለ። ጸጥታው ባሰ።

መስከረም 12 ቀን

መኪናዋ ወፍጮውን ታዙርልን ብዬ ለኢስሐቅ ነገርኩት።

"መምህርት፣ አንቱ ካሉ እኔ ምን እላለሁ። ግን አዳነ ይችን መኪና እንዴት እንደሚያያት አውቃለሁ። ኋላ ከኔ እንዳይጣላ።"

"ከኔ ይጣላ" አልኩት።

ግድግዳውን በዶማ በሳነው። በቀዳዳው ቺንጋ ሊያልፍ ነው፤ ወፍጮውን የሚያዞረው ረጅሙ ጠፍር። የኋላ እግሮቿን ቆፍረን አወጣን። ከግራው ጎማውን ገፍፈን፣ ቺንጋውን በባዶው ቸርኬ ላይ አደረግን። ክፍት ጎድጓዳ ስለሆነ ልክ ገባ፤ ለዚህ የተሠራ ይመስል።

ባትሪው ከኢስሐቅ የሶላር መብራት ነው። ሊያስር ሲል እጁን ያዝኩት። ይቺ ግልብጥ ናት፤ በሌላ መኪና ኔጌቲቩ ነው ከአካሏ የሚታሰረው፣ በዚች ግን ፖዘቲቩ። አዳነ ይህን ስንት ጊዜ አደንቁሮኛል! አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

መስከረም 13 ቀን

ኢስሐቅ በማኖቬላ፣ ከፊቷ በሚገባው ማዞሪያ ብረት፣ አሽከረከራት። በአራተኛው ተነሳች። ድምጿን ስሰማ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ... ወፍጮው አልተነቃነቀም! ሁለቱንም የኋላ እግሮች ከፍ አድርገናቸው ነበር። ቺንጋ የሌለበት ቀኙ እንደ እብድ ይሽከረከራል፣ ባለ ቺንጋው ግራ ቆሟል። ቤንዚን አባከንን።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። አዳነ ምን ነበር የሚለኝ? "ሁለቱ እግሮች ጉልበት ይካፈላሉ፣ አንዱ ሲቀለው ሁሉን ይወስዳል"... ታዲያ አንዱን ብናስረውስ?

ቀኙን መሬት አስያዝነው፣ ከፊትም ከኋላም ድንጋይ ወተፍንለት። ግራው በክሪክ ከፍ እንዳለ ቀረ።

ዞረ። ወፍጮው ዞረ! ሀጂራ ከወዲያ እልል አለች፤ ኢስሐቅ "ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል!" ይላል፣ ራሱ እየጮኸ።

ናጅዋ ገንፎ በላች።

መስከረም 17 ቀን

መስቀል። ደመራ አልተደመረም። ግን ግቢዬ ሴት ሞልቷል። ወሬ እንዴት ይሮጣል? ሁሉም ጣሳ ጣሳ ይዞ። እስላሙም ክርስቲያኑም ተራውን ይጠብቃል፤ አራስና ሕፃን ያላት ትቅደም አልን።

ሥራው ተለምዷል። እኔ ሹፌሩ ቦታ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ፣ ዓይኔ የሙቀት መርፌዋ ላይ። ሀጂራ ወፍጮው ጋ ሆና ግድግዳውን በዘነዘና ትመታለች፤ አንዴ ከሆነ ቀስ፣ ሁለቴ ከሆነ አቁሚ። ዱቄቱ በቀዳዳው እየመጣ ሞተሩ እንዳይስበው የካርቡራተሩን አፍ በአሮጌ ነጠላዬ አሰርኩ። ትንሽ ፈጭተን እናሳርፋታለን፣ ውሃ እንጨምርላታለን። እንደ ታማሚ።

መሪውን ይዤ የትም አልሄድ... እንዲህ ነው እንግዲህ የሐይቅ ጉዞ። ዓሣው የታለ አዳነ?

ጥቅምት 2 ቀን

ትናንት ድምፁን ሰምቶ አንዱ መጣ፤ ያ ዶሮ የወሰደው ልጅ። ቆሞ አየ። ቺንጋውን፣ ቀዳዳውን፣ እኔን። አለቀልን አልኩ። ምንም ሳይል ሄደ። ዛሬ ጠዋት ግማሽ ከረጢት ስንዴ ይዞ ተመለሰ። ፈጨሁለት። ምን ላድርግ? "እናት፣ ይስጥልኝ" አለኝ። ያን ቃል መስማት አልፈለግኩም። ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

ጥቅምት 9 ቀን

ቤንዚኑ ሊያልቅ ነው ብለን ለሁሉም ተናገርን። የመጨረሻ ቀን ነው። ስለዚህ ሁሉም መጣ።

ሙቀቱ ከረፋዱ ጀምሮ አልወርድ አለ። አቆምኩ፣ አሳረፍኩ። እንደገና ወጣ። ኢስሐቅ "ይብቃ መምህርት፣ አትችልም" አለኝ። ልነሳ ስል አንዲት ሴት ገባች። ከሐራ በእግሯ የመጣች። አንዱ ልጅ ጀርባዋ ላይ፣ አንዱ በእጇ። እግሯ ደምቷል። ያመጣችው ማሽላ ሁለት ጣሳ አይሞላም።

"አለቀ?" አለች። አልለመነችም። እንዲሁ "አለቀ?" ብቻ።

መርፌዋን አየሁ። የአዳነ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፤ አጥፊ፣ አጥፊ ፀዳለ! ይሰማኛል። አላጠፋሁም። ዐውቄ ነው። ማንም አላስገደደኝም።

የሴትዮዋ ማሽላ አልቆ ሀጂራ ሁለቴ ስትመታ፣ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ጢስ ፈነዳ። ጠፋች። ኢስሐቅ የዘይት ማያውን መዞ አሳየኝ፤ ወተት የገባበት ቡና መስሏል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። ጋርኒሲዮኗ ተቃጠለች።

ሴትዮዋ ዱቄቷን አዝላ ሄደች። ምን እንደሆነ እንኳ አልገባትም።

አደራ በላሁ።

ጥቅምት 23 ቀን

ደሴም ተያዘች አሉ። አዳነ የት ነው? መንገድ ላይ ነው? ብርሃኑ ቤት ነው? ለማን ልጩህ?

ኅዳር 5 ቀን

ወሬ የለም።

ኅዳር 12 ቀን

ወሬ የለም። ሀጂራ ሕፃኑን አምጥታ ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች። ወፍሯል። አሁን ደግሞ ሲያለቅስ መንደሩን ያናጋል።

ኅዳር 21 ቀን

ደከመኝ።

ታኅሣሥ 9 ቀን

ወጡ። ጠዋት ስንነሳ የሉም። ሰው መንገድ ላይ ይላቀሳል፣ ይተቃቀፋል። እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ ከደሴ በኩል የሚመጣ እጠብቃለሁ።

ታኅሣሥ 20 ቀን

መጣ! በእግሩ። ሌላ ሰው መስሎኝ በር ላይ "ማን ልበል?" አልኩት። ጢሙ ነጭ። ጫማው የሱ አይደለም። ሻንጣ የለ፣ ስልክ የለ፣ ኮት የለ።

ሸሚዙን ሲያወልቅ ደረቱ ላይ በጨርቅ የታሰረ ነገር አየሁ። ፈታው። መዳብ። ያቺ ጋርኒሲዮን! የደረቱ ቆዳ በጠርዟ ተቆራርጧል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ያን ሁሉ ጥሎ ይቺን ይዞ መጣ።

እግሩን እያጠብኩ ሁሉንም ነገርኩት። ዶሮዎቹን፣ ቀዳዳውን፣ ወፍጮውን፣ ጢሱን። "አደራህን በላሁ" አልኩት። ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። እንዲጮኽ ፈለግኩ።

"እሺ" አለ። ተኛ።

ታኅሣሥ 29 ቀን

ገና። ሀጂራ ዶሮ ላከችልን፣ ከነነፍሷ፣ ራሳችን እንድናርዳት። እኔ ሠራኋት። አዳነ ሁለት ጉርሻ በላ። "በቃኝ።" ከመጣ ጀምሮ "እሺ" እና "በቃኝ" ናቸው ቃሎቹ። መጠለያው ደጃፍ እንኳ አልደረሰም። በረንዳው ላይ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። እጁን ያያል።

ጥር 2 ቀን

ስልክ ተለቀቀ። የብርሃኑ ሚስት ሮማን ደወለች። ብርሃኑ የለም። ከደሴ ሲወጡ ነው፤ ሁለቱ ወንድማማቾች እየተደጋገፉ ሲሄዱ እሱ ተመታ። አዳነ አዝሎት ብዙ ሄደ አለች። መሞቱን ሳያውቅ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። እርስ በርስ የማናወራ ሆነን ቀረን እንዴ? ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ብሎን ሲያደነቁረኝ የነበረ ሰው!

ጥር 14 ቀን

ብረት የሚሰበስቡ መጡ። የተቃጠለ ታንክም ይሁን ድስት፣ ሁሉን ይጭናሉ። መጠለያውን አይተው "ያቺ ትሸጣለች?" አሉ። አዳነ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ እጁን አወዛወዘ።

"ውሰዷት።"

ደሜ ፈላ። "ማንን ነው የምትወስዱት?" ብዬ ዘነዘናዬን ይዤ ወጣሁ። "አትሸጥም! ከዚህ ግቢ ውጡ!" ሮጡ። አዳነ ቀና ብሎ አየኝ። ጣውንቴ ናት እያልኩ ዘመኔን ያማረርኩ ሴት ናት ይቺ?

ከሰዓት ሀጂራ አሚርን አዝላ መጣች። "እትየ፣ መኪናችን እንደምን ሁናለች?" መኪናችን ነው ያለችው። አዳነ ይሰማል። ፊቱ አልተለወጠም።

ጥር 19 ቀን

ክዳኑን ፈታሁት። ብቻዬን። ኢስሐቅ ሊያግዝ መጥቶ "እርስዎ የት ተማሩት?" ይለኛል። ምን ተማርኩ? ሳልፈልግ ሰማሁ እንጂ። የተቃጠለችውን አወጣሁ፤ በአንድ በኩል ከስላለች። ካርቡራተሩ ውስጥ ነጠላዬን አልፎ የገባ ዱቄት አገኘሁ፣ ከቤንዚን ጋር ተቦክቶ። በቢላ ፋቅሁት። ዘይቱን ቀየርን፣ ሁሉን በጨርቅ ጠረግሁ።

መዳቧን ገና አልነካኋትም። አንድ ናት። ከተበላሸች ሌላ የለም።

ጥር 23 ቀን

ፀሐይ። ኢስሐቅና ሀጂራ ከነልጃቸው ከነሕፃኑ መጡ። አዳነን እጁን ይዤ መጠለያው ድረስ አመጣሁት፤ በርጩማውን ከመኪናዋ ፊት አደረግሁለት። ተቀመጠ። ጫማውን ያያል።

መዳቧን አስገባሁ። ኢስሐቅ ክዳኑን አንሥቶ አስቀመጠልኝ። ብሎኖቹን በጣት ገጠምኳቸው። ከዚያ ቁልፉን አነሣሁ።

ከየት እንደሚጀመር የማላውቅ ነኝ? በእንቅልፌም ብትጠይቁኝ አውቀዋለሁ።

ቁልፉን ዳር ያለው ብሎን ላይ አደረግሁ።

ኢስሐቅ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ አስቆምኩት። አጠበቅኩ፣ ትንሽ። አዳነን አየሁ። ጫማውን ያያል። ወደ ሌላኛው ዳር ዞርኩ። አጠበቅኩ። ቁልፉ ሲጢጥ ሲል ጭኑ ላይ ያለው ጣቱ ተነቃነቀ... ወይስ መሰለኝ? ሦስተኛውን ያዝኩ። ደረቱ የተቆረጠላት መዳብ ናት፤ ብትጣመምስ? ይህን ያህል ዕብደት ምን ይባላል? አንድ ዙር ብቻ ልጨምር፣ አንድ ብቻ፣ ከዚያ እተዋለሁ...

"ከመሃል!"

በርጩማው ተገለበጠ። ተነሥቶ ቆሟል።

"ከመሃል ነው የሚጀመረው! ከመሃል፣ ከዚያ ወደ ዳር! ስንት ጊዜ ልንገርሽ ፀዳለ? ስንት ጊዜ?"

ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። መጥቶ ቁልፉን ከእጄ ነጠቀኝ። ሀጂራ ፊቷን አዙራ በሻርፗ ዓይኗን ትጠርጋለች። ሕፃኑ ደንግጦ ማልቀስ ጀመረ።

እኔ ኮፈኑ ሥር እንዳጎነበስኩ ቀረሁ፣ ፊቴን እንዳያይ።

"እስቲ ድገመው" አልኩት፣ "አልሰማሁህም።"